ለዶክተሩ የተተዉ ስሞች

የመንደራችን የካመን ዶል ሰው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ቤቱን ይቆልፋል፣ ዶሮዎቹን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ስሙን ደግሞ ለዶክተር ሚንቼቭ ይተውለታል። ይህን ደንብ ያወጣው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ባይ ጌሮ ነው፤ ሰውየው መቼም ደንብ ካላወጣ ቀኑ አይመሽለትም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ከጤና መድኑ የሚከፈለው በመዝገቡ ላይ በሰፈረው ሰው ቁጥር ልክ ነው። መንደሩ ደግሞ እየሳሳ ሄደ። ወጣቱ ስፔን ገባ፣ ጎልማሳው ጣሊያን ገባ፣ የቀረው አሮጊትና ድመት ሆነ። ስሙ ሁሉ ከመዝገቡ ከወጣ ዶክተሩ ክሊኒኩን ዘግቶ ከተማ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ የሚሄድ ሰው መሄዱን ለመድን ቢሮው አይናገርም። እዚሁ እንዳለ ሰው መዋጮውን ከያለበት ይከፍላል፣ ስሙም መዝገቡ ላይ ይቆያል።

ባይ ጌሮ ለተጓዡ የአገሩን አረቄ፣ ራኪያ፣ አንድ መለኪያ ቀድቶ፣ «አንተ ሂድ፣ ስምህን ግን እዚህ ተወው» ይለዋል። ተጓዡም ጨልጦ ይምላል። ሕጉ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ የለም። በካመን ዶል ሕግ ትዝ የሚለን በአጥር ስንጣላ ብቻ ነው።

ጸቬታና ግን ጠያቂ ነበረች። ዕድሜዋን ያሳለፈችው በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ልጆች ስትመግብ ነው፤ የሚማር ልጅ ጠፍቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ከድስቶቹ ጋር እሷም ወጣች። ነገርን አስቀድማ ካላሰበች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ለሁለት ክረምት የሚበቃ ቃሪያ ጠብሳ፣ በጠርሙስ አሽጋ ምድር ቤት ትደረድራለች። ማገዶዋ ገና በሙቀቱ ወራት ተፈልጦ ያልቃል። ባሏ ኢሊያ «ይቺ ሴት የገዛ ተዝካሯን አብስላ ነው የምትሞተው» እያለ ይቀልድባታል። ኢሊያ የድሮ ትራክተር ነጂ ነው። ስኳር ከያዘው ቆይቷል፤ ኢንሱሊኑን የሚያዝለት፣ እግሩን አገላብጦ የሚያይለት፣ «ራኪያህን ቀንስ» ብሎ የሚቆጣው ዶክተር ሚንቼቭ ነው። ኢሊያ ከእሱ በቀር የማንንም ቁጣ አይሰማም፤ የሚስቱንማ ጭራሽ።

ጎረቤቷ ሩምያና ከስፔን ደውላ፣ እሷ በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ምግብ አብሳይ እንደሚፈለግ ስትነግራት፣ ጸቬታና ሻንጣ ከማውጣቷ በፊት ከተማ ወርዳ የመድን ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን እየጠረገች ነገሩን ፍርጥ አድርጋ ነገረቻት።

«እዚያ በውል ተቀጥረው ከሠሩ መድንዎ የዚያ አገር ነው። እዚህ መሄድዎን ያሳውቃሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ መመለስዎን ያሳውቃሉ፣ እንቀበልዎታለን። በቃ። ሁለቱም ጋ ልቆጠር ካሉ ግን የታመሙ ዕለት ሁለቱም ‹የእኛ አይደለችም› ይላሉ።»

«ባልናገርስ?»

«አለመናገር ይቻላል። ስንቱ ነው የማይናገር። እስኪታመም ድረስ ችግር የለውም።»

ጸቬታና በአውቶቡስ ስትመለስ ቁርጧን አውቃ ነበር፤ መሄዷን ታሳውቃለች። ያለ መድን ሰው አገር መግባት ያለ ካፖርት በረዶ ውስጥ እንደ መውጣት ነው፤ እሷ ደግሞ ካፖርት የምትረሳ ሴት አይደለችም። ቤት ስትደርስ ኢሊያ ግቢው ውስጥ ቃሪያ ይጠብሳል። ነገሩን እንደ ቀላል ነገር፣ ሻርፗን እየፈታች ነገረችው።

«ምን አልሽ?» አለና መቆንጠጫውን አስቀመጠ። «ስሜን አስወጣለሁ ነው የምትይው?»

«እንደ ሰው ተመዝግቤ ልሥራ ነው የምለው።»

«አንቺ ስታወጪ ያዩ ሌሎቹም ያወጣሉ። ከዚያ ዶክተሩ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደህና ሁኑ! የእኔን ኢንሱሊን ማን ያዝልኛል? ባይ ጌሮ?»

«ከተማ ሐኪም ሞልቷል።»

«በሳምንት ሁለቴ በሚመጣ አውቶቡስ! በዚህ እግሬ! ደግሞ ከመዝገብ ስሙ የሚወጣው የሞተ ሰው ነው። የሟቾች ፎቶ የሚለጠፍበት ምሰሶ ላይ ፎቶሽን አብረን እንለጥፈዋ!»

«እኔስ እዚያ ብታመም?»

«አንቺ?» ኢሊያ ከልቡ ገረመው። «አንቺ እኮ አስነጥሰሽ እንኳ አታውቂም!»

ቃሪያው ከሰለ። ጸቬታና መቆንጠጫውን ካስቀመጠበት መንትፋ የተረፈውን በቁጣ አነሳች። የተናደደችው ግን በእሱ ብቻ አልነበረም። ስለ መድን ስታስብ የመጣባት ሐሳብ ደስ አላላትም። መሥሪያ ቤቱ የጠየቃት ሌላ ነገር አይደለም፤ የት ነው የምትታመሚው፣ በየትኛው አልጋ ላይ ትተኛለሽ ነው። እሷ ደግሞ መታመም የምትፈልገው እዚሁ ነው። በዋልነቱ ዛፍ ትይዩ ባለችው ክፍሏ፣ ሚንቼቭ በዚያ በቀዝቃዛ እጁ ግንባሯን እየዳሰሰ። ሥራ ስፔን፣ ሕመም ካመን ዶል። እንዲህ ብሎ የሚከፍል መድን ግን የለም። በዚህ ላይ ኢሊያን ሐኪም አሳጥታው ብትሄድ፣ እዚያ ማዶ ሆና የምታበስለው ምግብ ለራሷ ከጉሮሮዋ እንደማይወርድ አወቀች። በመጨረሻ ባይ ጌሮ ቤት ገብታ ራኪያዋን ጠጣች። ስሟንም ለዶክተሩ ትታ ሄደች።

የአረጋውያን መኖሪያው ኃላፊ ኤንካርና የምትባል ቀጭን፣ ቸኩላ የምትራመድ ሴት ናት። የጸቬታናን የባቄላ ሾርባ በቀመሰች ማግስት ቢሮዋ ጠራቻት።

«በውል ላስገባሽ። ደሞዝሽ በሥርዓት፣ መድንሽም በሥርዓት ይሆናል።»

«እና የእናንተ መድን ቢሮ ለእኛው ይነግራል?»

«ይነጋገሩ ይሆናል። ለምን፣ ወንጀል አለብሽ እንዴ?»

ጸቬታና ሳቀች። ወንጀል የለብኝም፣ ባል ነው ያለብኝ ማለት ፈልጋ ነበር፤ ቋንቋው አልመጣላትም። ለጊዜው ይቆይ አለች። ኤንካርናም ለጊዜው ሲባል አልጨቀጨቀችም፤ ያለ ውል የሚሠራ ሰው ለእሷም ይቀላል። ጸቬታና ከአገሯ የያዘችው አንድ ካርድ ነበራት፤ ለእንግዳ የሚሰጥ፣ ሰው ለጥየቃ ሄዶ ድንገት ቢታመም የሚያሳክም ካርድ። ይበቃኛል አለች። እንግዳ ነኝ ብላ ዓመት ቆየች፤ ከዚያ ሌላ ዓመት፣ ከዚያም ሌላ። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው የእኛ መንደር ሰው ብቻ ነው። ሌላው ስደተኛ ውል ለማግኘት ደጅ ይጠናል፤ የእኛ ሰው የተሰጠውን ውል ይመልሳል።

ታዲያ በሰው አገር ያሉት የሚያማቸውን ምን ያደርጉታል? ለነሐሴ ያስቀምጡታል። ጥርሱም፣ ጀርባውም፣ የዓይኑ መደብዘዝም ዓመቱን ሙሉ ይጠራቀምና ነሐሴ ላይ ሁሉም ለዕረፍት ሲመጣ ከሚንቼቭ ክሊኒክ በር እስከ መንገዱ ድረስ ይሰለፋል። ጸቬታናም ትሰለፋለች። የደም ግፊታቸውን ያስለካሉ፣ ደማቸውን ይሰጣሉ፣ በወረፋው መሃል የስፔንን ሙቀትና የጣሊያንን አሠሪ ያማሉ። ተራው የደረሰው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ፣ «ይኸው ዶክተር፣ ስሜን አላወጣሁብህም!» ይላል። ዶክተሩም «እግዜር ይስጥልኝ» ይልና ሸሚዝ አውልቅ ይለዋል። ፊቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ጸቬታናም አላየችም።

የወደቀችው አንድ ማለዳ ቁርስ ስታወጣ ነው። ወለሉ ርሷል፣ ትልቁን ድስት አቅፋለች። ድስቱን ላድን ስትል ራሷን ሳታድን ቀረች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታሉ በደንብ ተቀብሎ አጥንቷን በብረት አሰረላት፤ በዚህ የሚታማ ሰው የለም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን አንዲት ወጣት ሠራተኛ አጠገቧ ተቀምጣ ጠየቀቻት።

«ካርድዎ የእንግዳ ነው። ለጥየቃ ነው የመጡት?»

«አዎ፣ ለጥየቃ።»

«ከመጡ ቆዩ?»

ጸቬታና አልጋው ሥር የቆመችውን ሩምያናን አየች፤ ሩምያና መስኮቱን አየች። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ እንደ ቆየች ገብቷታል፣ እንደምትሠራም ገብቷታል። ረጅም ጊዜ የሚወስደው እግርን የማለማመድ ሕክምና ግን በዚህ ካርድ እንደማይሆን፣ እንግዳ ወደ አገሩ ተመልሶ ነው የሚያገግመው ብላ በትሕትና አስረዳቻት። ኤንካርና አበባ ይዛ መጣች፣ አለቀሰች፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንም ቆረጠች። ውል ያልነበረው ሰው የሕመም ፈቃድ የለውም፤ ሥራዋ በዚያው አለቀ። እንዲህ ሆኖ ጸቬታና አገሯ ገባች፤ በተሽከርካሪ ወንበር ከአውሮፕላኑ ወርዳ፣ ባይ ጌሮ ቢራ በሚጭንበት መኪና ኋላ ፍራሽ ላይ ተኝታ። መመለሷን በዚህ መልክ አላሰበችውም ነበር። መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና አለቀሰች፤ ኢሊያ እጇን ይዞ «ደረስን፣ ደረስን» ይላት ነበር።

ክረምቱን አልጋ ላይ ከረመች። ዶክተር ሚንቼቭ ወረፋውን ሲጨርስ ይመጣል፤ እግሯን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ በኋላም በክራንች አጥሩን እየተከተለች እንድትራመድ አደረጋት። ሴት ልጁን ካሊናን በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ያበላች በመሆኗ ጸቬታና «አንተ» ትለዋለች፤ እሱ «እርስዎ» ነው የሚላት። አንዳንዴ በዚያ አጥር ጥግ ስትንፏቀቅ፣ ስሜን መተዌ ጠቀመኝ፣ ይኸው ሐኪም ቤቴ ድረስ ይመጣልኛል ብላ ራሷን ታጽናናለች። በረዶው ሟሙቶ ክራንቹን በአንድ በትር ስትለውጥ ግን እግሯ ማነከሱን አልተወም። ዶክተሩ ከጓሮው አግዳሚ ላይ አስቀምጧት ዳሌዋን ፈተሸና ራሱን ነቀነቀ።

«መገጣጠሚያው አሁን ደርቆ ቀርቷል» አለ። «እዚያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመርልዎ ኖሮ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር። እንዴት ዝም አሏቸው? በውል ሲሠሩ መብትዎ አልነበረም?»

«ውል አልነበረኝም።»

«ከለከሉዎት?»

«የለም፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ። ውል ብይዝ ስሜ ካንተ መዝገብ ይወጣል። አንተም ትሄዳለህ፣ ኢሊያም...» ቃሉን አልጨረሰችውም። የዶክተሩ ፊት አመድ መስሏል።

«ለእኔ ብለው ነው?»

«ላንተ ማን አለ፣ ለኢሊያ ነው» አለች፤ ልታስቀው ነበር። አልሳቀም። አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል አደረገ።

«እትዬ ጸቬታና፣ ሚስቴና ካሊና የት እንዳሉ ያውቃሉ?»

«ጀርመን ናቸው። ለትምህርት አይደል የሄዱት?»

«ለመኖር ነው የሄዱት። እኔ እንድከተላቸው ነበር። ክሊኒኩን ልዘጋ ባሰብኩ ቁጥር አንዱ መጥቶ ‹ስሜን ትቼልሃለሁ ዶክተር› ይለኛል። ስጦታ እንደሰጠኝ ሰው ዓይኑ እያበራ። እንዴት ብዬ ነው የምሄደው? ሌላው ከሰው አገር፣ ከወለል ማጠብ ደሞዙ ይከፍልልኛል፤ እኔ ጥዬው ልሂድ? ልጄ ያለ እኔ አደገች። እናንተ ሁላችሁ ሄዳችሁ፣ ስማችሁን እኔ ላይ ጭናችሁ። አንድም ሰው መቆየት ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ጸቬታና መጀመሪያ ንዴት ነው የመጣባት። ይሄን ሰው ላቆይ ብዬ ተሰባብሬ፣ እሱ ደግሞ አቆያችሁኝ ብሎ ይከሰኛል! በባይ ጌሮ ተናደደች፣ በራኪያው ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ሁሉን አስቀድማ አስባለሁ በምትለው በራሷ ተናደደች። የኢሊያን ሕመም አስባለች፣ የራሷን አስባለች። ይህ ሰው ግን በሐሳቧ ውስጥ እንደ ክሊኒኩ በርና እንደ ሚዛኑ ነበር፤ ሰው መሆኑ ትዝ ብሏት አያውቅም። አፈረች። ጉንጯ እስኪሞቃት ድረስ አፈረች።

«አሁንስ?» አለችው።

«አሁን እዚያው ጀርመን አንድ ሆስፒታል ቦታ ሰጥቶኛል፤ የመጨረሻዬ ይመስለኛል፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ዕድሜዬ የሚሰጠኝ የለም። መልስ ይጠብቃሉ። የኢሊያ እግር ደግሞ እንደሚያውቁት ነው። ቆይ ካሉኝ እቆያለሁ። የማታልልዎት አይምሰልዎት፣ እቆያለሁ።»

በመስኮቱ በኩል ኢሊያ ይታያል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያንኑ መነጽር በመሳቢያ ውስጥ ይፈልጋል። ጸቬታና አየችው። አውቶቡሱን አሰበች፤ በረዶውን፣ ከፍ ያለውን የአውቶቡስ ደረጃ፣ የራሷን ዳሌና የእሱን እግር። ቆይ ብትለው የሚወቅሳት የለም፤ መንደሩ እንዲያውም ይመርቃታል። አንዲት ቃል ናት። ቃሏ አፏ ጫፍ ደርሳ ነበር።

«ሂድ» አለችው። ድምጿ ስለተሰበረ ደገመችው። «ሂድ፣ ልጅህ ጋ ሂድ። ግን እንደ እኛ ተደብቀህ አትሂድ። ቢሮው ሄደህ ሄድኩ በል፣ እዚያም መጣሁ በል። ስትመለስም፣ ከተመለስክ፣ ተመለስኩ ትላለህ። እንግዳ ሆነህ አትኑር፣ እንግዳ መሆን አጥንት ይሰብራል።»

ዶክተሩ እጇን ይዞ ቆየና ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ኢሊያ ነገሩን የሰማው ከእሷው አፍ፣ እራት ላይ ነው።

«ምን አልሽው? ሂድ? አንቺ ነሽ ሂድ ያልሽው?» ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። «እኔን መግደል ካማረሽ ለምን ቀጥታ በትራስ አታፍኚኝም!»

«ሰውየው ልጅ አለው ኢሊያ።»

«እኔስ?»

«አንተ እኔ አለሁልህ።»

ኢሊያ እርጎውን ገፍቶ ተነሣ፣ ምድጃው ውስጥ እንጨት ወረወረ፣ ሌላም ወረወረ። ቤቱ እስኪግል ድረስ ወረወረ። ከዚያ ጀርባውን እንደ ሰጣት፣ በቀስታ፣ «ካሊና ማለት ያቺ ወተት ሾርባ እምቢ የምትለው ናት?» አለ።

«እሷው ናት።»

«አድጋ ይሆናል» አለና ምድጃውን ዘጋ።

ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ ዜናው እስከ ስፔን፣ እስከ ጣሊያን ደረሰ። ባይ ጌሮ ጸቬታናን ሰላምታ ነሥቷታል። ከከተማው ሐኪም ጋር በነበራቸው የመጀመሪያ ቀጠሮ ዕለት ባልና ሚስቱ መንገድ ዳር፣ የሟቾች ፎቶ በተለጠፈበት ምሰሶ ሥር ቆመው የከተማውን አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ስልኳ ጮኸ። ሩምያና ናት፤ ሰላም እንኳ አላለቻትም።

«እንዴት ለቀቅሽው? እንዴት አፍሽ ሞላ? እናቴ እዚያ አይደለችም እንዴ?»

«እናትሽን ዛሬ አብረን እናስመዘግባታለን። ወረቀቷን ይዤላታለሁ።»

«እሱን አይደለም የምልሽ! እኛ ይሄን ሁሉ ዓመት የከፈልነው ለምንድነው ታዲያ?»

«እንዳይሄድ።»

«ይኸው ሄደ!»

«ሄደ» አለች ጸቬታና። በትሯን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። «አንቺም ሄደሻል ሩምያና። እኔም ሄጄ ነበር። እኛን ግን አትሂዱ ብሎ የያዘን ሰው አልነበረም።»

ከወዲያ በኩል የወጥ ቤት ድስት ይንኳኳል። ጸቬታና ጠበቀቻት። ልቧ ራርቶላት ሌላም ልትላት ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ኢሊያ ክንዷን ጎሸም አደረገ።

«በይ ደህና ዋይ፣ አውቶቡሱ መጣ» አለችና ስልኩን ዘግታ፣ ኢሊያን ከኋላ እየደገፈች ወደ ደረጃው አስጠጋችው።